ታፔላው መርካቶ፣ ጉዞው ጦር ኃይሎች

የቤተሰብ ወጪ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናነሳው የጤፉንና የዘይቱን፣ የቤት ኪራዩንና የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የታክሲ ሒሳብ ግን ጠዋት ጥቂት ብር፣ ማታ ጥቂት ብር እየሆነ ከኪስ ስለሚወጣ ደብተር ላይ የሚያሰፍረው የለም። አንድ ወር ሙሉ ጽፎ የያዘ ሰው ግን ድምሩን ሲያይ ይደነግጣል። ከገንዘቡ ሌላ በሰልፍ የሚያልቅ ሰዓትም አለ፤ እርሱ በማንም ደብተር አይጻፍም።

በዚህ ጽሑፋችን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሚኒባስ ታክሲዎችን የሚያስተዳድርበትን አሠራር እንመለከታለን። ደንብ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ወደሚለው ክርክር አንገባም፤ ያስፈልጋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ታሪፉ ተወስኖ፣ መስመሩ ተደልድሎ፣ ታፔላው ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ተሳፋሪው ስለምን ከታሪፉ በላይ ይከፍላል? ሾፌሩስ ስለምን ሁልጊዜ ከደንቡ ጋር እንደተጣላ ይውላል? መልሱን በሾፌሩ ስግብግብነት ወይም በተቆጣጣሪው ስንፍና ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከዚያ የጠለቀ ሆኖ ይገኛል።

ከሴይቼንቶ እስከ ቀጠና

ዕድሜያቸው የገፋ አባቶቻችን ሴይቼንቶ ይሏት የነበረችውን ትንሽ የፊያት ታክሲ ያስታውሳሉ። ቀጥሎ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር የተዘረጋበት፣ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት መኪና መጣ። ሕዝቡም በአብዮቱ ዘመን ቋንቋ «ውይይት» ብሎ ሰየመው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ለካ ያስቸግራል! ከዚያ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ቦታውን ያዘ። ዛሬ «ታክሲ» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ይህንኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ የሆነውን፣ ሾፌርና ረዳት ያለውን መኪና ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የትራንስፖርት ሥራ ለግል ባለንብረት ሰፊ በር ተከፈተለት፤ ሚኒባሶችም በዙ። ሾፌሩ የሚሄድበትን መስመር በአብዛኛው ራሱ ይመርጥ ነበር። ጠዋት ሰው ወደሚበዛበት ይነዳል፤ ሰው ከሌለበት ይሸሻል። ለእርሱ መልካም ነበር። ገቢው አነስተኛ በሆነበት መስመር ዳር ለሚኖረው ሰው ግን ታክሲ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ሆነበት።

በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የከተማው አስተዳደር የቀጠና ስምሪትን ሥራ ላይ አዋለ። ታክሲዎች በማኅበር ተደራጅተው በቀጠናና በመስመር ተደለደሉ፤ የሚሠሩበትን መስመር የሚገልጽ ታፔላም በጣሪያቸው ላይ ወጣ። በዚያ ሰሞን ሾፌሮች አጉረመረሙ፣ ተሳፋሪውም በአዲሱ አሠራር ግራ ተጋባ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሁሉም ለመደው። እንደ እኛ አስተያየት የቀጠናው ሐሳብ በራሱ ትክክል ነበር። ጥቅም በሌለበት መስመር ላይ የሚኖር ሰውም ታክሲ የማግኘት መብት አለው፤ ይህን ለገበያው ብቻ ቢተዉት አይሆንም። ችግሩ ግን ከተማው በነበረበት አልቆመም። ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ከተሞች ሆኑ። በመካከለኛው ከተማ ይኖር የነበረው ቤተሰብ ወደ ዳር ሲወጣ ሥራው፣ ገበያውና የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን በአብዛኛው በነበሩበት ቀሩ። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመጣል፤ ማታ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለሳል። መኪናው ሲሄድ ሞልቶ፣ ሲመለስ ባዶውን ሊሆን ነው። ታሪፉ ይህን ያውቃል ወይ?

ታሪፉ የሚቆጥረውና የማይቆጥረው

የሚኒባስ ታሪፍ በርቀት የሚሰላ ነው። እስከዚህ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል፣ ከዚያ በላይ እስከዚህ ድረስ ይህን ያህል ተብሎ በእርከን ይወሰናል። ቢሮው በየጊዜው ይከልሰዋል፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥርም ጥያቄው ይነሳል። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው።

የሾፌሩ ቀን ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። መጀመሪያ ነገር ብዙው ሾፌር መኪናው የራሱ አይደለም። ማታ ለባለንብረቱ የሚያስረክበው የቀን ገቢ አለ፤ መጠኑም ቀድሞ የተነገረ ነው። መንገድ ተዘጋ፣ ዝናብ ጣለ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰለፈ ቢባል ባለንብረቱ በአብዛኛው አይቀንስለትም። ከዚያ ነዳጁ አለ። የረዳቱ ድርሻ አለ። በየተራው ለተራ አስከባሪ የሚሰጠው አለ። ቅጣትም አለ፤ የደረሰበት ቀን ሁሉንም ይዞበት ይሄዳል። ለሾፌሩ የሚቀረው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ልጆቹን የሚያሳድገው በትርፍራፊው ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ሰዓቱን በምን ያህል ዋጋ ይሸጣል? ታሪፉ ሰዓትን አይቆጥርም። ከአየር ጤና መርካቶ ያለው ርቀት እሑድ ማለዳም ሆነ ሰኞ ማለዳ ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። እሑድ ሁለት ጊዜ በሚመላለስበት ሰዓት ሰኞ አንዴ ለመድረስ ይቸገራል። የታሪፉ ወረቀት ሁለቱን ቀኖች አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ የባለንብረቱ የቀን ገቢም እንዲሁ። በመካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ሾፌሩ ነው። እርሱም ብቻውን አይሸከመውም፤ ወደ ተሳፋሪው ያሻግረዋል።

የሚያሻግርበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። ከታሪፍ በላይ በግልጽ መጠየቅ አንዱ ነው፤ ይህኛው አደገኛ ስለሆነ በጨለማና በዝናብ ቀን ካልሆነ ብዙ አይደፈርም። ትርፍ መጫን ሌላው ነው። ሦስተኛውና ዛሬ የምናተኩርበት መስመር ማቆራረጥ ነው።

ማቆራረጥን ለማያውቅ አንባቢ (ከክልል ለመጡ እንግዶቻችን ማለታችን ነው) እንግለጸው። ታክሲው ከአየር ጤና መርካቶ የሚል ታፔላ ተሰቅሎበታል። ረዳቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይላል። ጦር ኃይሎች መንገዱ መካከል ነው። እዚያ ሲደረስ ሁሉም ይወርዳል፤ መርካቶ የሚሄደው ሌላ ሰልፍ ይይዝና ሌላ ታክሲ ውስጥ ሌላ ሒሳብ ይከፍላል። የመጀመሪያው ታክሲ ደግሞ እዚያው ዞሮ፣ መርካቶ አካባቢ ያለውን መጨናነቅ ሳይነካ፣ ወደ አየር ጤና ተመልሶ እንደገና ይሞላል።

እዚህ ላይ የታሪፉ አሠራር ራሱ ይተባበረዋል። በእርከን የሚሰላ ታሪፍ ላይ ሁለት አጭር ጉዞ ተደምሮ ከአንድ ረጅም ጉዞ ይበልጣል። ለሒሳቡ እንዲያመች ያህል ብቻ ሙሉው መንገድ 20 ብር፣ የመጀመሪያው ግማሽ 15 ብር፣ ሁለተኛው ግማሽ 10 ብር ነው እንበል። የተቆራረጠው መንገድ 25 ብር ሆነ ማለት ነው። ማንም ከታሪፍ በላይ አላስከፈለም! ተቆጣጣሪ መጥቶ ሁለቱንም ረዳት ቢጠይቅ ሁለቱም ትክክለኛውን ታሪፍ ይነግሩታል። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በዚህ መንገድ ብትመላለስ በአንድ ጉዞ 15 ብር፣ በቀን 30 ብር፣ ትምህርት በሚኖርበት በ22 ቀን ደግሞ 660 ብር በማንም ሳትሰረቅ ታጣለች። ይህን ገንዘብ ማን ወሰደብሽ ብትባል የምትጠቁመው ሰው የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ጦር ኃይሎች ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። ረዳቱ «ወራጅ፣ ሁላችሁም ወራጅ!» ይላል። አንዲት ሒጃብ የለበሰች እናት ትንሹን ልጅ በጭኗ ይዛ፣ ትልቁን በአጠገቧ አስቀምጣ ንቅንቅ አልል አለች።

«ወንድሜ፣ ታፔላህ መርካቶ አይደለም እንዴ የሚለው?»

«እህቴ፣ መርካቶ መንገዱ ተዘግቷል።»

«ሲጭነን ለምን አልተናገራችሁም?»

«ጦር ኃይሎች እያልኩ አይደል የጠራሁት?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እርሷ የጣሪያውን ጽሑፍ አንብባ ገባች፤ እርሱ በአፉ ሌላ ተናገረ። ሾፌሩ ፊቱን አላዞረም። ወረደች፤ ምን ታድርግ? ልጆቹ የሁለት ሰዓቱ ደወል ሊደወልባቸው ነው።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የአርፋጆች መዝገብ አለ። «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር ከተማሪው ስም ጎን ደጋግሞ የሚጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ታክሲ»። ልጁ ከጀሞ ይምጣ ከኮዬ፣ ሰልፍ ላይ ይቁም መንገድ ላይ ይቆራረጥበት፣ መዝገቡ አይለይም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ከሆነ ልጁ ከሒሳብ ትምህርት ምን ያህሉን እንደሚያጣ ግን እኛ እናውቃለን። ከዚህ ጋር አንድ የማይወራ ነገር እናክል። ጠዋት ሰዓት ብዙ ሚኒባሶች በኮንትራት ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ሰርቪስ ይሰጣሉ። ለሾፌሩ ይህ የታወቀ፣ የማይዋዥቅ ገቢ ነው። ነገር ግን ያ መኪና ተሳፋሪው አብዝቶ በሚፈልገው ሰዓት ከመስመሩ ይጎድላል። ለሰርቪስ የመክፈል አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ ወንበር ሲያገኝ የሌላው ልጅ ሰልፉ ይረዝምበታል።

ነቢዩ ዋጋ አልተመኑም፤ ታዲያ ታሪፍ?

የመድረሳ ትምህርት ያላቸው አንባቢያን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሱ ይችላሉ። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ዋጋ ጨምሮ ሰዎች እንዲተምኑላቸው ሲጠይቋቸው እርሳቸው አልተቀበሉም፤ ዋጋን የሚወስነው አላህ መሆኑንና በማንም ላይ በገንዘብም ሆነ በደም በደል ሳይኖርባቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹ ተናግረዋል። ይህን አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ታዲያ የታክሲ ታሪፍ ከዚህ ጋር እንዴት ይታያል?

የፊቅህ ሊቃውንት በጉዳዩ ላይ በስፋት ተወያይተዋል። በ728 ሒጅሪ ያረፉት ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ ነገሩን ለይተው ያዩታል። ዕቃው በማነሱ ወይም ፈላጊው በመብዛቱ ዋጋ በራሱ ሲጨምርና ማንም ሌላውን ሳይበድል ሲቀር መተመን በደል ይሆናል። ሕዝብ የሚፈልገውን ነገር የያዙት ሰዎች ከተገቢው ዋጋ በላይ ካልሆነ አንሸጥም ሲሉ ግን ትመናው ፍትሕ ነው። ታክሲ የቱ ዘንድ ነው? ወደ ሥራው ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መስመሩ በድልድል ነው፤ ማታ ከሰልፍ ያለው ሰው ደግሞ «ዋጋው አልተስማማኝም፣ ነገ እገዛለሁ» ብሎ የሚሄድበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ታሪፍ መኖሩ የሚያስነቅፍ ሆኖ አይታየንም።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን አተማመኑ ነው። የአንዳሉሱ የማሊኪ መዝሀብ ሊቅ ኢብን ሐቢብ ለትመና ያስቀመጡት አካሄድ አለ። ባለሥልጣኑ የዚያን ገበያ ታላላቅ ሰዎች ይሰበስባል፤ የሚናገሩትን የሚያመዛዝኑ ሌሎች ሰዎችንም ያስቀምጣል፤ እንዴት እንደሚገዙና እንደሚሸጡ ይጠይቃል፤ ለእነርሱም ለሕዝቡም የሚበጀው ዋጋ ላይ እስኪደርሱና እስኪስማሙበት ድረስ ይደራደራቸዋል። ሻጩን የሚያከስር ዋጋ በግድ ቢጫንበት ዕቃው ከገበያ ይጠፋል፤ ሰውም ይጎዳል። በ450 ሒጅሪ ያረፉት አል ማወርዲ ደግሞ ሙሕተሲቡ፣ ማለትም የገበያው ተቆጣጣሪ፣ የጀልባ ባለቤቶች ለመስጠም እስኪያሰጋ ድረስ ትርፍ እንዳይጭኑ፣ ነፋስ በበረታ ጊዜም እንዳይጓዙ የመከልከል ሥልጣን እንዳለው ጽፈዋል። ትርፍ መጫን እንግዲህ የዛሬ ጣጣ አይደለም ማለት ነው!

ቢሮው አንድ ጊዜ በተግባር ያመነው

ታሪፉ ኪሎ ሜትርን እንጂ የመኪናውን ሙሉ ጉዞ አይቆጥርም ብለናል። ይህን የከተማው አስተዳደርም ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት አንድ ጊዜ በግልጽ አምነውታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ታክሲዎች ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ፤ ታሪፉም እጥፍ እንዲሆን ተፈቀደ። ለምን እጥፍ? ምክንያቱም ግማሽ ሰው ጭኖ ሙሉ መንገድ የሚሄድ መኪና ወጪው ግማሽ አይሆንም። እውነተኛው ዋጋ የመኪናው የአንድ ጉዞ ዋጋ ነው፤ የተሳፋሪው ሒሳብ ያ ዋጋ ለወንበር ሲካፈል የሚገኝ ነው። በዚያ ጊዜ ይህ ሒሳብ በአንድ ሌሊት ታወቀ፣ ተተገበረም። ወረርሽኙ ሲረግብ ግን ሒሳቡም አብሮ ተረሳ። ጠዋት ሞልቶ ሄዶ ባዶ የሚመለስ መኪናም እኮ በአንድ በኩል ግማሽ ጭነት ነው።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌ ብር በኩል ተለይተው እንዲደጎሙ አደረገ። ዓላማው የነዳጁ ጭማሪ በቀጥታ በተሳፋሪው ላይ እንዳይወርድ ነበር፤ ዓላማው መልካም ነው። ድጎማ ያገኘ ታክሲ ግን መስመሩን ጨርሶ መሄዱን የሚያየው ማን ነው? ተቆጣጣሪው በአብዛኛው የሚቆመው ተራው ላይ ነው። ተራው ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ትክክል ነው፤ ታፔላው ትክክል ነው፤ ሰልፉ ትክክል ነው። ነገሩ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ማንም የለም።

ቅጣትን በማጥበቅ ብቻ ይስተካከላል ለሚሉ ወገኖች ደግሞ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። ያን ሰኞ የአዲስ አበባ ታክሲዎች በአብዛኛው ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ ጥፋትን በነጥብ እየመዘገበ እስከ መንጃ ፈቃድ መነጠቅ የሚያደርሰው የትራፊክ ደንብ ነበር። ከተማው በእግሩ ሄደ። የደንቡም ተፈጻሚነት ለሦስት ወር ተራዘመ። ደንቡ ስለ አደጋ የተጻፈ ነው፤ ዓላማውን የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም። ሾፌሩ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ የማታው የቀን ገቢ ሳይቀነስ፣ መንገዱ ሳይከፈት፣ ቅጣቱ ብቻ ሊጨመር መሆኑን ነው የሰማው።

በዋሽንግተን የነበረ ክርክር

ሰዓት በዋጋ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ዋና ከተማ በሆነችው ዋሽንግተን ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ እንደሚተዳደሩ ይታወቃል። በዚያ ከተማ ለአሥርት ዓመታት የታክሲ ዋጋ የሚሰላው በዞን ነበር፤ ከተማው በካርታ ተከፋፍሎ ተሳፋሪው ባቋረጠው ዞን ቁጥር ይከፍላል። የዚያኛው ዞን ዋጋውን የሚወስን ነው፤ ከእኛ ቀጠና፣ መኪናውን ከመስመር ከሚያስረው፣ ጋር ስሙ እንጂ ግብሩ አይገናኝም። በ2008 እ.ኤ.አ. ከንቲባው ኤድሪያን ፌንቲ ዞኑን አስቀርተው ርቀትንም መቆምንም የሚቆጥር ሜትር አስገቡ። ከሾፌሮቹ ብዙዎች ተቃወሙ፣ ሥራም አቆሙ፤ ሜትሩ ግን ገባ። ልብ ይበሉ፦ መቆምን የሚቆጥር መሣሪያ ለሾፌሩ የሚጠቅም ይመስላል፤ እነርሱ ግን የመነሻው ዋጋና የሒሳቡ ጣሪያ እንዴት እንደተወሰነ አይተው ነው የተቃወሙት። የዋጋው አሠራር ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ወሳኙ ውስጡ የተጻፈው ቁጥር ነው።

በእኛም ከተማ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ሰዓትንና ርቀትን አብረው ይቆጥራሉ። ወይዘሮ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ራይድ በ8294 አጭር ቁጥር ታወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። አረንጓዴ ሰሌዳ የያዙ ኮድ 3 መኪኖች በዚህ ሥራ ይሠማሩ ወይስ አይሠማሩ የሚለው ጉዳይ ከከተማው የትራንስፖርት አካል ጋር ሲያነጋግር ቆይቷል። ነፍሰ ጡር ሴት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ የዚህን አገልግሎት ጥቅም የሚክድ የለም። ሆኖም ባለ ሦስት ልጅ ቤተሰብ በየቀኑ የሚጠቀምበት አይደለም፤ ዋጋው አይፈቅድለትም። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በከተማው ውስጥ ሲገደብም አንዳንዱ ሰው አቋራጭ ያደረገው መንገድ ተዘግቷል። ስለዚህ የብዙኃኑ ቤተሰብ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ ሚኒባሱና አውቶቡሱ ላይ ያርፋል።

ምን ቢደረግ?

የመጀመሪያው ሐሳባችን ቀላል ነው። ማቆራረጥ በወረቀት ላይ ክልክል ሆኖ መንገድ ላይ የሰፈነ ነገር ከሆነ ሕጋዊ ገጽ ይኑረው። በጥድፊያ ሰዓት ግማሽ መንገድ የሚሠራ መኪና ግማሽ የሚል ታፔላ ይስቀል፤ ሆኖም የሁለቱ ግማሽ ሒሳብ ተደምሮ ከሙሉው ታሪፍ እንዳይበልጥ ይወሰን። በላይኛው ምሳሌያችን 15 እና 10 ሳይሆን 10 እና 10 ይሁን ማለታችን ነው። ይህ ቢደረግ ሾፌሩ መንገዱን የሚቆርጠው በእውነት መጨናነቁ ሲያስገድደው ብቻ ይሆናል፤ በአጭሩ እርከን የሚያገኘው ተጨማሪ ብር አይኖርምና። እናትየዋም ስትሳፈር የት እንደምትወርድ ታውቃለች።

ሁለተኛ፣ በሾፌሩና በባለንብረቱ መካከል ያለው የቀን ገቢ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ እንዴት እንደሚቀነስም ይግባበት። ቢሮው ታሪፍ ሲተምን ይህን ወረቀት ማየት አለበት። የሾፌሩን ትልቁን ወጪ ሳያውቁ የሾፌሩን ዋጋ መተመን አይቻልም። እዚህ ላይ ባለንብረቶች ቅር ሊላቸው ይችላል። መኪናቸው ያረጃል፣ ጎማና መለዋወጫ ይገዛል፣ ቦሎ ይወጣል፤ ይህን እናውቃለን። ግን አደጋውን ሁሉ ለሾፌሩ፣ እርሱም ለተሳፋሪው እያሻገሩ መኖር ለማንም አልበጀም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሚኒባሶችም በከተማው መታየት ጀምረዋል። የእነዚህ መኪኖች ነገር በነዳጅ ላይ የተመሠረተውን የታሪፍ ሒሳብ መነካካቱ አይቀርም። የግዢ ዋጋቸው ከባድ፣ የዕለት ወጪያቸው ቀላል ነው። የባንክ ዕዳ ያለበት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ባለንብረት የሚጠይቀው የቀን ገቢ ምን ያህል እንደሚሆን ከአሁኑ ካልታሰበበት ሾፌሩ በነዳጅ ያተረፈውን በዕዳ ይመልሰዋል።

ተሳፋሪውም እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በየታክሲው ጎን የተጻፈ የጎን ቁጥር አለ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የወረደበትን ቦታ ጨምሮ መያዝ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ ሰው ሲቀርብ አቤቱታ ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ለሁለት ሳምንት መዝግበው ሲያቀርቡት ግን ማስረጃ ነው። ከየትኛው መስመር፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት መኪና ግማሽ መንገድ ላይ እንደሚዞር ያሳያል። የወላጅ ኮሚቴ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። ሰርቪስ የሚከራይ ትምህርት ቤትም መኪናው በምን ሰዓት ከመስመሩ እንደሚወጣ መጠየቅ ይገባዋል፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ልጆችን አድርሶ ለጥድፊያው ወደ መስመሩ የሚመለስበትን መንገድ መነጋገር አይከፋም።

ታሪፍ በሚከለስበት ጊዜ ደግሞ በስብሰባው የሚገኙት የማኅበራት ተወካዮችና የቢሮው ባለሙያዎች ብቻ እንዳይሆኑ እንጠይቃለን። ኢብን ሐቢብ «ሌሎች ሰዎችንም» ማለታቸው ለዚህ ነውና የአርፋጆች መዝገቧን የያዘች መምህርት፣ ሌሊት ፈረቃ የምትገባ ነርስ፣ መርካቶ የሚሸምት ቸርቻሪና መኪና የሌለው ሾፌር በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ይኑራቸው።